ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ አሮጌ ኮሮላ

እሁድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017፣ ማታ

ቅበላ ስለሆነ ወንጂ አባባ ቤት ውለን መጣን። ስንመለስ መኪናው ሞቀ።

ከወንጂ ስንነሳ ምንም አልነበረውም። መንገዱን ሁሉ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከግማሽ በታች ነበር። አዳማ ገብተን ፖስታ ቤት አካባቢ በባጃጆች መሃል ተጨናንቀን ስንቆም ቀስቱ ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ቀዩን ሊነካ ሲል ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ኮፈኑን ስከፍተው ውስጡ የፈላ ድስት ይመስል ይንተከተካል።

አንድ የባጃጅ ሹፌር በጠርሙስ ውሃ ይዞ ሮጦ መጣ። "እህቴ፣ ክዳኑን ልክፈተውና እንሙላው" አለኝ። አመስግኜ ከለከልኩት። የጋለ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚፈነዳ አባባ በልጅነቴ አሳይቶኛል። እጁ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ። አርባ ደቂቃ ቆመን፣ ቀዝቀዝ ሲል ቀስ ብዬ እየነዳሁ ቤት ገባሁ።

መኪናው ኮሮላ ነው። ሞተሩ 1.6፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው። አባባ ስኳር ፋብሪካ ሲሠራ ባጠራቀመው ብር የገዛው ነው፤ ዓይኑ ሲደክም ለእኔ ሰጠኝ። ሸጬ ሌላ ልግዛ የምለው ነገር አይደለም። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው መኪና ሁሉ ተወዷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ደግሞ የመለዋወጫው ዋጋ ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ይሄኛውን ማዳን አለብኝ።

ሂደቱን በየቀኑ ልጽፈው ወስኛለሁ። የምሠራው ግዢ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ፕሮፎርማ ሳነጻጽር እውላለሁ። የራሴን መኪና ዋጋ መመዘን አያቅተኝም ብዬ አስባለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

የጾሙ መጀመሪያ። በምሳ ሰዓት ጓደኛዬ የጠቆመችኝ ጋራዥ ሄድኩ።

መካኒኩ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ እጁ ፈጣን ልጅ ነው። እንደ ደረስኩ፣ ሞተሩ ገና እንደ ሞቀ፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ እያለ ከፈተው። ውሃው አረፋ እየደፈቀ ወጣ። "አየሽ አረፋውን? ቴስታታ ነው። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል" አለኝ። ጓርኒሲዮን ማለት በሞተሩ ብሎክና ከላይ በሚከድነው ጭንቅላት፣ በቴስታታው፣ መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። እሱ ከተቃጠለ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፤ ውሃውም ወደ ሲሊንደሩ። ምርመራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ዋጋውን ስጠይቀው "ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገር" አለ። ይሄ ነገር ከረር ብሎ ተሰማኝ። መኪናው የኔ ነው፣ የምከፍለውም እኔ ነኝ፣ ከኔ ጋር ተነጋገር አልኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከዚያ በኋላ በአክብሮት ነው ያናገረኝ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

በስልኩ ደምሮ 69,000 አለኝ። ዝርዝሩን በወረቀት ጻፍልኝ አልኩት። ትንሽ ቢያቅማማም ጻፈ። ሙሉ ጓርኒሲዮን 9,500፣ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ማስተካከያ 6,000፣ የውሃ ፖምፕ 7,500፣ ተርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው) 2,500፣ አዲስ ራዲያተር 16,000፣ ዘይትና ፊልትሮ 5,500፣ የእጅ ዋጋ 22,000።

ይሄ ወረቀት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ቢሰጠኝ ኖሮ የምከራከረው በምኑ ነበር? "ቀንስልኝ" ከማለት ሌላ አፍ አይኖረኝም። ሰባት መስመር ሲሆን ግን በእያንዳንዱ ላይ መጠየቅ ይቻላል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

እንደ ለመድኩት ሦስት ፕሮፎርማ አሟላሁ።

ሁለተኛው ጋራዥ 41,000 አለ። እሱም ቴስታታ ነው ያለው፤ ራዲያተርና የውሃ ፖምፕ ግን አላስገባም። ምክንያቱን ስጠይቀው "መጀመሪያ እንፍታው፣ ከዚያ የሚገኘውን እናያለን" አለ። ሦስተኛው በስልክ ነው። መኪናውን ሳያይ "ሞተር ወርዶ ሙሉ ይሠራል፣ 85,000" አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁ።

ማታ ሦስቱን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። ቢሮ ብሆን ኖሮ ትንሹን፣ 41,000ውን፣ እመርጥ ነበር። እዚህ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሦስቱ ሰዎች ዋጋ የሰጡት ለአንድ ሥራ አይደለም። አንደኛው ሰባት ነገር ሊሠራ ነው፣ ሁለተኛው ከዚያ ያነሰ፣ ሦስተኛው ሞተሩን በሙሉ። ሁለተኛው ርካሽ የመሰለኝ ከፈታው በኋላ የሚጨምረውን ገና ስላልነገረኝ ይሆናል። ሞተሩ ተፈትቶ መሬት ላይ ከተበተነ በኋላ "ይሄም ያስፈልጋል" ሲለኝ ወዴት እሄዳለሁ?

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ከሥራ በኋላ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች ዞርኩ። አራት ሱቅ ገባሁ።

ባዶ እጄን አልሄድኩም። ከሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ጽፌ ያዝኩ። ይሄ ረድቶኛል። "የኮሮላ ተርሞስታት ስንት ነው?" ያልኩት የመጀመሪያው ሱቅ "የየትኛው ኮሮላ?" ብሎ ፊቱን አዞረ። የሞተሩን ዓይነት ስነግረው ወዲያው ዕቃ ያወርድ ጀመር።

የተማርኩት ነገር ቢኖር አንድ ዕቃ አንድ ዋጋ የለውም። የውሃ ፖምፕ ብቻ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። የአይሲን 7,200 ነው። የማላውቀው ስም ያለበት ካርቶን ውስጥ ያለው 4,000። ከሌላ መኪና የተፈታው ደግሞ 2,500። አይሲን ለቶዮታ ፋብሪካ ራሱ የሚያቀርብ ድርጅት ስለሆነ "ኦርጅናል" ሲሉ ብዙውን ጊዜ እሱን ማለታቸው ነው። የመካኒኬ ወረቀት ላይ ግን "የውሃ ፖምፕ 7,500" ብቻ ነው የሚለው። ለአይሲኑ ከሆነ ዋጋው ጥሩ ነው። ለሁለተኛው ከሆነ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዋጋው ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ካርቶኑን ሳላይ መልስ የለውም። ወረቀቱ ላይ "የማን ሥሪት?" የሚል ቦታ በእርሳስ ጨመርኩበት።

ራዲያተሩ ግን 16,000 አይደለም። አዲስ ቻይና ሠራሽ በሁለት ሱቅ 11,500 እና 12,000 ተባልኩ። ሌላው ዝርዝር ከሱቁ ዋጋ አሥር፣ አሥራ አምስት በመቶ ቢበልጥ ነው። በዚህ ላይ አልጨቃጨቅም። መካኒኩ ራሱ ሄዶ ያመጣል፣ አልገጥም ካለ መልሶ ይቀይራል፣ በመሃል ጊዜው ይቃጠላል። ያ ልፋት ዋጋ አለው። ራዲያተሩ ላይ ያለው የ4,000 ልዩነት ግን ልፋት አይደለም።

የእጅ ዋጋውንም ለመመዘን ሞከርኩ። ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ ደውዬ ጠየቅኩት። "እኔና ረዳቴ ሦስት ቀን" አለ። 22,000 ለሁለት ሰው ሦስት ቀን። ቴስታታ ማውረድ ከባድ ሥራ ነው፤ ከጠበቀበት ቅደም ተከተል አንዱ ብሎን ቢሳሳት ሁሉም እንደገና ይፈታል። ስለዚህ በእጅ ዋጋው አልተገረምኩም። ሥራው በእውነት የሚያስፈልግ ከሆነ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሌሊቱን ያሰብኩትን ልጻፈው።

መሥሪያ ቤት አንድ ዕቃ ስንገዛ መጀመሪያ የሚመጣው ፕሮፎርማ አይደለም። ስፔሲፊኬሽን ነው። የሚፈልገው ክፍል ምን እንደሚፈልግ ይጽፋል፤ ከዚያ ነው ሻጮች ዋጋ የሚሰጡት። ሻጩ ራሱ ስፔሲፊኬሽኑን ከጻፈው ያ ግዢ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። እኔ ደግሞ ለመኪናዬ ያደረግኩት በትክክል ይህንኑ ነው። በሽታውን የሚነግረኝም፣ መድኃኒቱን የሚሸጥልኝም አንድ ሰው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ፖምፕና ስለ ራዲያተር ዋጋ ስጠይቅ ስዞር፣ "ቴስታታ መሆኑን በምን አወቅህ?" ብዬ የጠየቅኩት ሰው የለም።

ስለዚህ ምርመራውን ከሥራው ልለየው ነው። የሚመረምረው ሰው አይሠራውም። ለምርመራው ለብቻው እከፍላለሁ፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን።

ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ዓመት ጋራዥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው አሉ። ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ማታ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ሻይ አስቀርበው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"መቼ ነው የሚሞቀው ልጄ? ሲሄድ ነው ሲቆም?"

ሲቆም ነው አልኳቸው። ወንጂ መንገድ ላይ ምንም አልነበረውም፤ ከተማ ውስጥ ስቆም ነው የጀመረው።

"እሱን ሌላ ሰው ጠይቆሻል?"

ማንም አልጠየቀኝም።

"ቅዳሜ በጠዋት አምጪው። ረመዳን ስለሚገባ ፀሐይ ሳይበረታ እንጨርስ። ማታ አቁመሽው ቀዝቅዞ ይደር፤ ጠዋት አትንጂው፣ ቅርብ ነው፣ ገፍተን እናመጣዋለን። ሞተሩ ግን ቀዝቃዛ ይሁን።"

ሁለት ሺህ ብር ልክፈልዎት ስላቸው "ኧረ ተይ" አሉ። አልተውኩም። ነፃ ከሆነ እንደ ውለታ ይሆንና ደጋግሜ ለመጠየቅ አፍራለሁ። እያቅማሙም ቢሆን ተቀበሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል። የልጃቸው ልጅና አንድ ጎረቤት ገፍተው ግቢያቸው አስገቡልን። ዛሬ ረጅም ነው የምጽፈው፤ ያየሁትን መርሳት አልፈልግም።

መጀመሪያ የዘይቱን ክዳን ከፈቱና ጣታቸውን ከውስጥ በኩል አሻሹት። ውሃ ከዘይት ጋር ቢቀላቀል ወተት የገባበት ቡና ይመስላል አሉኝ። የኛው ጥቁር ነው፣ ንጹሕ ዘይት። የዘይት መለኪያ ዘንጉንም መዝዘው አሳዩኝ።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን። ሞተሩ ስለቀዘቀዘ በእጃቸው ነው የከፈቱት። ውሃውን ጥርት እስኪል ሞሉትና ቁልፍ አዙሪ አሉኝ። ሞተሩ ተነሳ። ጎንበስ ብለን ሁለታችንም አየን። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ቢሆን ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ፣ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣ ነበር። አንድ ሁለት ወጣና ቆመ። የተጠራቀመ አየር ነው አሉ። የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጨበጥ አድርጊው አሉኝ። ለስላሳ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ቢገባበት ወዲያው እንደ ድንጋይ ይጠጥር ነበር።

"ታዲያ ሰኞ ያየሁት አረፋ ምንድን ነው?" አልኳቸው። ምክንያቱም አረፋውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ክዳኑን አንስተው አሳዩኝ። ላዩ ላይ 0.9 ተጽፎበታል። ያ የሚይዘው ግፊት ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክዳን የሌለው ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ሲዘጋ ግፊቱ ስለሚጨምር ውሃው እስከ 115 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። አንድ መካኒክ የሞቀ ሞተር ክዳን ሲከፍት ግፊቱ በአንዴ ይጠፋል፤ 100 ዲግሪ ላይ ያለው ውሃ ያኔውኑ ይንተከተካል። ጤነኛ ሞተርም ቢሆን። ልጁ አልዋሸኝም። ያየውን ነው የተናገረው። ያየው ነገር ግን የሚናገረው ስለ ቴስታታው አልነበረም።

ክዳኑን ገልብጠው ደግሞ ጎማውን አሳዩኝ። ተሰነጣጥቋል። ግፊቱን አይዝም ማለት ነው። "ይሄ አንድ" አሉና ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ በክዳኑ ቦታ ሌላ ደህና ክዳን ከቤታቸው አምጥተው ገጠሙና ሞተሩን ባለበት አስነስተን ጠበቅን። ቀስቱ ግማሽ ላይ ደረሰ። አለፈው። ሁለታችንም የራዲያተሩን ፋን እያየን ነው። አይዞርም። ቀስቱ ወደ ሦስት አራተኛው ሲጠጋ ጋሼ እጃቸውን አስገብተው ከአንዲት ትንሽ የሙቀት ስዊች ላይ ሶኬቷን ነቀሉ።

ፋኑ ዞረ። እኔ ጮህኩ።

የዚያ ዘመን ኮሮላ ስዊች ሥራው ተቃራኒ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሽቦውን ያገናኛል፣ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይለያየዋል፤ ሲለያይ ነው ፋኑ የሚነሳው። የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ፋኑ መዞሩን እንዲቀጥል፣ ሞተሩ እንዳይቃጠል ነው። የኔው ስዊች ተጣብቆ ቀርቷል። ቢሞቅም አይለያይም። ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ መዞሩ ደግሞ የፋኑ ሞተርም፣ ፊውዙም፣ ሪሌውም ደህና መሆናቸውን ነገረን። መንገድ ላይ ስነዳ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል። ፖስታ ቤት ጋ ስቆም ነፋስም ፋንም የለም። የሐሙሱ ጥያቄ ለካ እዚህ ነበር የሚያደርሰው።

እኔ በዚህ ላቆም ነበር። ጋሼ ግን "ቴስታታው ተጠርጥሯል፤ ነፃ ሳናወጣው አንተውም" አሉ። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ሊለኩ ነው።

አራቱንም ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን) ፈቱ። ደርድረው አሳዩኝ። ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ካንዴላው ታጥቦ የጸዳ ይመስላል፤ አራቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው። የዲስትሪቢዩተሩን ሶኬት ነቀሉ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ። መለኪያውን በካንዴላው ቦታ አጠበቁና "ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጠሽ ቁልፉን ያዢ" አሉኝ። አራት ጊዜ ደጋገምን። 152፣ 150፣ 153፣ 150።

ቤቴ ሆኜ የፋብሪካውን ማኑዋል አይቼ ነበር። ለዚህ ሞተር 191 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይላል፤ ዝቅተኛው 142። 150 ሲሉኝ ደነገጥኩ። ጋሼ ሳቁ። "መጽሐፉ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሞተር ነው። እዚህ አየሩ ቀጠን ይላል። አዲስ ሞተር እንኳ እኛ ጋ ከ160 ብዙ አያልፍ። ዋናው አራቱ ተቀራርበው መገኘታቸው ነው።" ማኑዋሉ በሲሊንደሮቹ መካከል እስከ 14 ልዩነት ይፈቅዳል። የኛው 3 ነው። ጓርኒሲዮኑ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ተቃጥሎ ቢሆን ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ወርደው ይታዩ ነበር።

ይህን የጻፍኩት አንድ ሰው 150 የሚለውን አሳይቶ "ሞተርሽ ደክሟል" ቢለኝ አምኜው እሄድ ስለነበር ነው። ቁጥሩ እውነተኛ ነው። የሚነጻጸርበት ግን ሌላ ነው።

በመጨረሻ የተርሞስታቱን ቤት ፈትተው አዩ። ባዶ ነው። ተርሞስታት የለም።

እሁድ፣ የካቲት 23

የዓድዋ በዓል። አባባን ደውዬ ጠየቅኩት። ተርሞስታቱን ከሰባት ዓመት በፊት ነው ያስወጣው። ያኔም መኪናው ሞቆ ነበር፤ "የኛ አገር ሙቀት ነው፣ ይሄ አያስፈልግም" ብለው መካኒኮች አወጡለት። ከዚያ ወዲህ የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው የሚሞላው።

ጋሼ ትላንት እንዳስረዱኝ በዚህ ሞተር ላይ ማውጣቱ ይጎዳዋል። ተርሞስታቱ ሲከፈት ግርጌው ያለች ክዳን ሌላውን አቋራጭ መንገድ ትዘጋለች። እሱ ከሌለ የጋለው ውሃ በከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ማኑዋሉም "ቢሞቅም እንኳ አታውጡት" ብሎ በግልጽ ጽፏል።

አባባ ዝም አለ። ከዚያ "እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ ማለት ነው" አለ። አይደለም አባባ፣ መኪናውን እስከ ዛሬ ያቆየኸው አንተ ነህ አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመለስኩ። ለምን ወደ እሱ? ዋጋውን በመስመር የጻፈልኝ እሱ ብቻ ነበር። ከእጅ ዋጋውም ጋር ጸብ የለኝም።

አልተኮራሁበትም፣ አልከሰስኩትም። አራቱን ቁጥሮች የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠሁት። ስለ ክዳኑ፣ ስለ ፋኑ፣ ስለ ተርሞስታቱ ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱ ተቀየረ። ከዚያ ሄዶ ሶኬቷን ራሱ ነቀለና ፋኑ ሲዞር አየ። "አረፋውን በሞቀ ነው ያየሁት" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቀጥሎ ያለው ጥሩ ነበር፦ "እሺ፣ ያንን ወረቀት ቅደጂው። እንደ አዲስ እንጻፍ።"

አልቀደድኩትም፤ አዲሱን ግን ጻፍን። የፋን ስዊች 1,800። ተርሞስታት 1,900። ክዳን 700። ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሹ) 2,400። ራዲያተሩን አስከፍቶ ማስጠረግ 3,000። የእጅ ዋጋ 3,500። ድምሩ 13,300። ከጋሼ ጋር 15,300 መሆኑ ነው።

የእጅ ዋጋው 5,000 ነበር የተጠየቅኩት። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የፊተኛውን ወረቀት ለቀን ብናካፍለው ለሁለት ሰው ከ7,000 ትንሽ በላይ ስለሚመጣ ለአንድ ሰው 3,500 ገደማ ይሆናል አልኩት። በራሱ ሒሳብ ስለሆነ ሳይከራከር ተስማማ። አንድ ነገር ጨመርኩ፤ የወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ለኔ ይመለሳል። "ምን ሊያደርግልሽ?" አለ። ማየት እፈልጋለሁ አልኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ዕቃዎቹን እኔው ገዛሁ፣ ካርቶናቸውን ሳላይ እንዳልቀር።

ተርሞስታቱን ከማስረከቤ በፊት ቤት ሞከርኩት። ላዩ ላይ 82 ተጽፎበታል። በክር አንጠልጥዬ ድስት ውስጥ ከተትኩና ምድጃ ላይ ጣድኩት። ገና ውሃው ሳይፈላ፣ ግርጌው ላይ ትንንሽ አረፋ መያዝ ሲጀምር፣ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አውጥቼ ሳቀዘቅዘው ተዘጋ። አዲስ ነው ብሎ ማመን ይቻል ነበር፤ አምስት ደቂቃ ግን ምን ይጎዳል?

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ከራዲያተሩ የወጣው ነገር ያሳዝናል። የሰባት ዓመት የቧንቧ ውሃ ቀይ ጭቃና ነጭ ቅርፊት ሆኖ። ጠራጊው ከቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ሁለቱ አልከፈት እንዳሉት ነገረኝ። ለጊዜው ይሠራል፤ አንድ ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን አዲስ ሊያስፈልግ ይችላል። ያ 16,000 መስመር ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም ማለት ነው። ቀኑ ሳይደርስ የተጻፈ ነው።

ሥራው ባለቀ ጊዜ አሮጌ ስዊቿንና ክዳኑን በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። ፋኑ ሁለት ጊዜ በራሱ እስኪነሳና እስኪቆም ድረስ ጋራዡ ውስጥ ሞተሩን አስነስተን ጠበቅን። ከዚያ ከፈልኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ከከተማ ውስጥ ይልቅ ዳገት ነው የሚፈትነው ብለው ጋሼ በመከሩኝ መሠረት ወደ ኢተያ ነዳሁት። አዋሽን ተሻግሬ ዴራን ካለፍኩ በኋላ መንገዱ ይወጣል። ቀስቱ ከግማሹ በጣም ትንሽ ከፍ አለ፤ ሜዳው ላይ ስደርስ ተመለሰ። ከኢተያ አባባ ጋ ደወልኩለት። "ዳገቱን ወጣው?" አለኝ ሦስት ጊዜ።

ስመለስ ፖስታ ቤት አካባቢ ሆነ ብዬ መንገዱ በተጨናነቀበት ሰዓት ገባሁ። ቆምኩ። ፋኑ ሲነሳ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

እሁድ፣ የካቲት 30

ዛሬ ጠዋት ግን ግቢው ውስጥ መኪናው ከቆመበት ሥር አንዲት የኩላንት ጠብታ አገኘሁ። ከውሃ ፖምፑ በኩል ይመስላል።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ጋራዡ ሄድኩ። የውሃ ፖምፕ የሚለውን መስመር የያዘውን አሮጌ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ጠብታውን በፎቶ አሳየሁት። ዋጋ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን መለሰልኝና ጠየቀኝ፦

"መቼ ነው የሚያንጠባጥበው? ሲሞቅ ነው ቀዝቅዞ ሲያድር?"

"ሲያድር ነው። ሲሞቅ አላየሁም።"

ካርቶን አነጠፈና ባትሪውን ይዞ ሥሩ ገባ።